ቀድሞ ዋጋ መጥራት

የቢዝነስ ማስተርስ መግቢያ ፈተናው ሦስት ክፍል ነበረው፦ ሒሳብ፣ ማመዛዘንና የእንግሊዝኛ ድርሰት። ብዙ ተፈታኝ ሒሳቡን ይፈራል። እኔ የምፈራው ድርሰቱን ነው፤ ለብቻው ይታረማል፣ ለብቻውም የማለፊያ ነጥብ አለው። እዚያ ላይ የወደቀ፣ ሒሳቡን ቢደፍነው እንኳ አይገባም። ይህን ለተማሪዬ ሳስረዳት ሳቀች።

ተማሪዬ የቡሬ እህል ነጋዴ ልጅ ናት። በአካውንቲንግ ከተመረቀች ወዲህ የመጋዘኑን ሚዛን የያዘችው እሷ ናት። እኔ ፍኖተ ሰላም እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። መንገዱ ሰላም የሆነ ቅዳሜ በሚኒባስ እሄድና በበቆሎ ጆንያዎች መካከል ተቀምጠን አስጠናታለሁ። አባቷ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ሐጂ» የሚላቸው፣ ገና ስንጀምር ቁርጡን ነግረውን ነበር።

«መምህር፣ ፈተናው ባሕር ዳር ነው። መንገዱ እንዲህ እያለ ልጄን ሁለት ጊዜ አልልክም። አንድ ጊዜ ትሞክር። ካለፈች አልሐምዱሊላህ፤ ካላለፈች ሚዛኗ አለላት።»

«አንድ ጊዜ» ያሉት ነገር ከሆዴ አልወጣ አለ።

የመጀመሪያውን መለማመጃ የሰጠኋት ለቡሬ የሚበጃት ትልልቅ ፋብሪካ ነው ወይስ ትንንሽ ነጋዴ በሚል ነበር። ሁለት ገጽ ጻፈች። ፋብሪካውንም አመሰገነች፣ ነጋዴውንም አመሰገነች። የራሷ ሐሳብ የመጣው በመጨረሻው መስመር ላይ ነው፤ እሱም «ሳይሻል አይቀርም» ተብሎ።

«አቋምሽ እታች ምን ይሠራል?» አልኳት። «አራሚው ቀኑን ሙሉ ሲያነብ የሚውል ሰው ነው፤ እስከዚያ አይጠብቅሽም። የምታምኚበትን መጀመሪያ ንገሪው፤ ከዚያ ለምን እንደሆነ አስረጂው።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «መምህር፣ እርስዎ እህል ሸጠው ያውቃሉ?»

«አላውቅም።»

«ያስታውቃል! ቀድሞ ዋጋ የጠራ ከሳሪ ነው። ስለ ዝናቡ ይወራል፣ ስለ ከብቱ ይወራል፤ ዋጋውን ሌላው ይጥራው።»

ሐጂ ከበሩ ላይ ሆነው ሰሙን። «ልጄ እውነቷን ነው። አንተ ሰው፣ ልታከስረን ነው እንዴ የመጣኸው?» ተሸካሚዎቹ ጆንያ ተሸክመው ሳቁ።

እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ፍርሃቴ ግን ባሰብኝ። እንግሊዝኛዋ ደህና ነው። ያስቸገራት ድክመቷ ሳይሆን ከልጅነቷ ጀምሮ እንጀራ የበላችበት ችሎታዋ ነው። ድክመት ቢሆን ማረም እችል ነበር። ችሎታን እንዴት አድርጌ አስጥላታለሁ?

ብዙ ቅዳሜ ለፋን። ፈተናው ሲቃረብ አቋሟን ከላይ፣ ምክንያቶቿን ከሥር መደርደር ቻለች። ምን እንደተሰማት ስጠይቃት፣ «ሰው መሀል ሻሼ የወደቀ መሰለኝ» አለች።

የፈተናው ቀን ስልክ አይሠራም ነበር። ክፍል ውስጥ ስጽፍ ጠመኔው በላቤ ራሰ። አንዴ መንገዱን፣ አንዴ ድርሰቱን እፈራለሁ። በሰላም መግባቷን የሰማሁት በማግስቱ ነው። ቅዳሜ እንደደረስሁ እየሳቀች ተቀበለችኝ።

«አቋሜን በመጀመሪያው መስመር ጻፍሁት!»

«ጎበዝ! ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሦስት አራት መስመር ጨምሬ አቆምሁ።»

ክው አልሁ። «ምክንያቶቹስ? ስንት ጊዜ ተለማመድነው?»

ሳቋ ጠፋ። «እዚያ ስቀመጥ ፈራሁ፣ መምህር። ዋጋ ከተቆረጠ በኋላ የሚለፈልፍ ሻጭ ይጠረጠራል፤ እህሉ ውስጥ ነቀዝ ያለ ይመስላል። እጄ እንቢ አለኝ።»

የተናገረችው ሲገባኝ ይበልጥ ፈራሁ። ሰው ሲደነግጥ የሚመለሰው ትናንት ወደተማረው አይደለም፤ ወዳደገበት ነው።

ውጤቱ በስልኳ መጣ። ሒሳቡም ማመዛዘኑም ከፍ ያለ ነው። ድርሰቱ ከማለፊያው በታች ነበር፤ ከሥሩ «አላለፈችም» ይላል። ለአባቷ እኔ ልንገርልሽ ብዬ አብሬያት ሄድሁ። ሐጂ የጆንያ አፍ እየሰፉ ነበር።

«ሐጂ፣ እንግዲህ ፈተና ማለት… ዘንድሮ ከበድ ያለ ነበር ይባላል፤ የብዙ ሰው ልጅም…» ብዬ ዙሪያውን ስዞር አቋረጠችኝ።

«አባባ፣ ወድቄያለሁ። እንደገና ሊልኩኝ ይገባል።»

ልጅ ለአባቱ እንዲህ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። ዓይኔን መሬት ላይ ተከልሁ። ያስተማርኋት እኔ ነኝ፤ ቁጣው ለሁለታችንም ነው።

እሷ ግን አላቆመችም። «ሒሳቡን ሠርቻለሁ። የጣለኝ ድርሰቱ ብቻ ነው፤ እሱም ስላላወቅሁ ሳይሆን ስለፈራሁ ነው። አንድ ዓመት በቆሎው የነቀዘበት ገበሬ ማሳውን ይተወው ይላሉ? ደግሞ ይህን መጋዘን ነገ የምይዘው…»

«ጨረስሽ?» አሉ ሐጂ፣ መርፌው በእጃቸው እንዳለ።

«አልጨረስሁም።»

ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ ይህን አንተ ነህ ያስተማርሃት?»

«አዎ፣ ሐጂ።»

ሐጂ ስፌቱን ጨረሱ። ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና፣ «መንገዱ ይታያላ» አሉ። «አንተም ቅዳሜ አትዘግይ፤ ያለፈው ሳምንት እኩለ ቀን አድርገህ ነው የመጣኸው።»

እሷ ፊቷን በሻሿ ሸፍና አለቀሰች። እኔ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን ከመጀመሪያው ይልቅ ፈርቼ ነበር። ያኔ ተስፋ ያደረግነው ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ አሁን አባትየውም ጨመሩ።