የጠሂራ መዶሻና የካሚላ እንቅልፍ

ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ መስገድ።
ከቦኖ ውኃ መቅዳት።
ሕፃኗን አጥብቶ ማዘል።
አሮጌ ጣሳና የተቀደደ በርሜል መለየት።
የተጨማደደ ቆርቆሮ በመዶሻ ማቅናት።
ኩራዝ መሸጥ፤ ገዢ ሲጠፋ እንደገና ቆርቆሮ ማቅናት።
ለባል ራት ማቅረብ።
ካሚላን ማስተኛት።

ከእነዚህ ሁሉ ጠሂራ እንደ ሥራ የማትቆጥረው የመጨረሻውን ነበር። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ተድራ ከወሎ ወደ መርካቶ ከመጣች ወዲህ፣ ባሏ ሙደሲር በምን አለሽ ተራ ከጣሳ ኩራዝና የከሰል ምድጃ ሲሠራ እርሷ ከጎኑ ተቀምጣ ቆርቆሮ ታቀናለታለች። ልጃቸው ካሚላ ስትወለድም፣ አርባ ቀኗ እንደ ወጣ በአንቀልባ አዝላት ቆርቆሮ ወደምታቀናበት መስፍ ተመለሰች። መዶሻው በወረደ ቁጥር ሕፃኗ ከእናቷ ጀርባ ጋር ከፍ ዝቅ ትላለች፤ ገና ሃያ ምት ሳይሞላም እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ይወስዳት ነበር።

ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል ግን ዓይኗን አፍጥጣ ታለቅስ ጀመር። ሙደሲርም የጣሳ ቁራጭ ጉልበቱ ላይ አድርጎ በመዶሻው እጀታ ቀጭ ቀጭ ቢያደርግላት ተኛች። በማግሥቱም እንዲሁ፤ በሳምንቱም እንዲሁ። የሰው ልጅ በእሹሩሩ ሲተኛ የእነርሱ በቆርቆሮ መተኛቷ ለባልና ለሚስት ኩራት ሆነ።

ከግድግዳው ማዶ የሚኖሩት የቤቱ ባለቤት፣ እትዬ እታገኝ፣ ይህን ኩራት አልተካፈሉም። ስድስት ልጅ አሳድገው የዳሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ንግግራቸው እንደ ሚጥሚጣ የሚለበልብ ሴት ነበሩ።

«አንቺ ልጅ፣ የምታሳድጊው ሰው ነው ወይስ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ?» አሏት አንድ ቀን ግቢ ውስጥ።

«ምን ላድርግ እትዬ፣ ተኛችልኝ እኮ!»

«ዛሬ ተኛችልሽ። መዶሻ የጠፋ ቀንስ?»

«በምን አለሽ ተራ መዶሻ ሊጠፋ?» ብላ ጠሂራ ከት ብላ ሳቀች።

ያ ቀን ካሚላ በተወለደች በዘጠነኛው ወር መጣ።

ወሩ ታኅሣሥ፣ ዘመኑ 1953 ነበር። ጃንሆይ ከአገር ውጭ ናቸው፤ ሙደሲርም የታመመ አባቱን ሊጠይቅ ወደ ወሎ ሄዷል። ረቡዕ ጠዋት ጠሂራ ሕፃኗን አዝላ ስትወጣ ተራው ጭር ብሏል። ሱቆቹ ተቆልፈዋል፤ ተሸካሚ የለም፤ ከአውቶቡስ ተራ የመኪና ጥሩምባ አይሰማም። አንድ ሰው በሩጫ ሲያልፍ፣ «ቤትሽ ግቢ እንጂ! መንግሥት ተገልብጧል ይላሉ!» ብሏት እልም አለ።

ገብታ በሩን ቀረቀረች። ካሚላ የእንቅልፏ ሰዓት ሲደርስ ዓይኗን አሻሸች፤ ጆሮዋን ጎተተች፤ ከዚያ አለቀሰች። ጠሂራ አጠባቻት፤ አዘለቻት፤ በጠባቧ ክፍል ወዲያና ወዲህ አለች፤ አልሆነም። መዶሻዋን አንሥታ ቆርቆሮውን አንድ ጊዜ እንደ መታች በሩ ተደበደበ።

«እኔ ነኝ፤ ክፈቺ!» እትዬ እታገኝ ፊታቸው አመድ መስሎ ገቡ። «ልታስፈጂን ነው? ወታደር መንገድ መንገዱን ቆሟል። የብረት ድምፅ ሰምቶ ጠመንጃ የሚያቀባብሉ ቢመስለውስ? በሩን ገንጥሎ ሲገባ ‹ልጅ እያስተኛሁ ነው› ልትዪው ነው?»

«ታዲያ ልጄስ እትዬ?»

«ልጅሽን እንደ ሰው ልጅ አስተኚያት።»

እንደ ሰው ልጅ ማስተኛትን ጠሂራ አታውቅበትም ነበር። እናቷ ያንጎራጎረችላትን ለማስታወስ ብትሞክር ከመጀመሪያው ቃል አላለፈችም፤ ድምፅዋም በፍርሃት ስለ ተንቀጠቀጠ ሕፃኗ ይብሱን ጮኸች። ያ ሌሊት እንዲሁ ነጋ። ካሚላ ጥቂት ታሸልባለች፤ በጸጥታው ትባንናለች፤ ትጮኻለች። ሐሙስ ረፋድ ላይ ድምፅዋ ተዘግቶ፣ ዓይኗ ደም መስሎ፣ ጡት ይዛ መሳብ አቅቷት ነበር። ሐኪም ዘንድ እንዳትሮጥ መንገዱ ያስፈራል፤ ምክር እንዳትጠይቅ ባሏ የለም። «ያ አላህ፣ በእንቅልፍ ዕጦት ልትሞትብኝ ነው» እያለች ሕፃኗን ደረቷ ላይ አጣበቀቻት።

ከቀትር በኋላ ተኩስ ተጀመረ። ተኩሱ ከሩቅ ነበር፤ ነገር ግን በዚያ ጸጥታ ውስጥ የመርካቶ ጣሪያ ሁሉ አብሮ የሚመታ ይመስል ነበር። ጠሂራ ልጇን አቅፋ ከአልጋው ሥር ገባች። ዓይኗን ጨፍና ሸሐዳ ስትደጋግም አንድ ነገር ታወቃት፤ ልቅሶው ቆሟል። «ሞተች» ብላ ጆሮዋን ከሕፃኗ አፍንጫ አስጠጋች። ትተነፍሳለች።

ካሚላ ተኝታ ነበር።

መትረየሱ ሲንጣጣ ፊቷ ይፈታል፤ ጋብ ሲል ትወራጫለች። ሊመሽ ሲል ተኩሱ ፈጽሞ ሲቆም ደንግጣ ነቃችና ታለቅስ ጀመር። ጠሂራም ሳታስበው፣ «ጌታዬ፣ ምነው ጥቂት ቢጨምሩት» አለች። ቃሉ ከአፏ እንደ ወጣ አፏን በእጇ ያዘች። ያ ተኩስ የስንት እናት ልጅ እንደ ጣለ አላህ ያውቃል፤ እርሷ ግን እንዲቀጥል ለመነች! ሁለት ቀን ሙሉ ወታደሩንና ጥይቱን ስትፈራ ነበር፤ አሁን የፈራችው ራሷን ነው።

ግድግዳውን በእጇ መታች። «እትዬ! እባክዎ ይድረሱልኝ!»

እትዬ እታገኝ በጨለማ ግቢውን ተሻግረው መጡ። ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ተቀመጡና ሕፃኗን ደረታቸው ላይ አስደገፏት።

«መዶሻሽ እንዴት ነው የሚመታው? እጄ ላይ አሳዪኝ።»

ጠሂራ በጣቷ አሳየቻቸው፤ ሁለቱ ፈጠን፣ ሦስተኛው ዘግየት። አሮጊቷ በመዳፋቸው ያንኑ ምት የሕፃኗ ጀርባ ላይ ያወርዱ ጀመር፤ በአፋቸውም ዝቅ አድርገው ያንጎራጉራሉ። ካሚላ ጮኸች፤ እጃቸው ምቱን አልለወጠም።

«አልሆነም እትዬ፤ ሰው ይሰማናል!»

«ዝም በዪ። አንቺ ስትፈሪ ከጀርባሽ ሆና ታውቅብሻለች። ፍርሃትሽን እዚያ ጥግ ጣይና ነይ።»

«እንግዲያውስ ልቀበልዎት፤ ደከመዎት።»

«አንቺ ተኚ፤ ነገ የምታጠቢው አንቺ ነሽ። የእኔ ጡት ከደረቀ ሠላሳ ዓመቱ።»

ሕፃኗ የተኛችው ሌሊቱ ሊጋመስ ሲል ነበር። ዓርብም ተኩሱ ቀጥሎ ዋለ፤ ሲመሽ እትዬ እታገኝ ሳይጠሩ መጡ። ኩራዙን ዝቅ አስደረጉ፤ የሕፃኗን እግር በለብታ ውኃ አሳጠቡ፤ ከጠባች በኋላ ያንኑ ምት ጀመሩ፤ አሁን ግን ዘግየት ባለ እጅ። ቅዳሜም ያንኑ በዚያው ሰዓት አደረጉ። ጥቂት መታ መታ አድርገው መዳፋቸውን ጀርባዋ ላይ እንዲሁ ቢያሳርፉት ካሚላ ተኛች። ውጭው ጸጥ ብሏል፤ ሕፃኗ አልባነነችም። ጠሂራ አፏን በነጠላዋ አፍና አለቀሰች።

እትዬ እታገኝ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። «ሦስት ሌሊት አለብሽ» አሏት። «በነጻ የምሰጠው ስድብ ብቻ ነው።»

ገበያው ተከፈተ፤ መዶሻዎቹ ተመለሱ፤ ሙደሲርም ከሰነበተ በኋላ ከወሎ ገባ። የመጣ ዕለት ማታ እንደ ልማዱ የጣሳ ቁራጭ ሲፈልግ ጠሂራ እጁን ያዘችው።

«ተው። ከእንግዲህ ማታ መዶሻ የለም።»

«ታዲያ በምን ትተኛ?»

«በዚህ» ብላ መዳፉን የልጁ ጀርባ ላይ አኖረችለት። ብረት ያሻከረው እጅ ለአፍታ ፈራ፤ ከዚያ ሁለት ፈጠን አንድ ዘግየት አድርጎ ቀጠለ።

በነሐሴ እትዬ እታገኝን የሳንባ ምች ጣላቸው። ትኩሳቱ ሲበረታ እንቅልፍን ፈሩ። ጠሂራ ካሚላን ለሙደሲር ትታ ስትገባ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው አገኘቻቸው።

«አታስተኚኝ፤ ከተኛሁ አልነቃም» አሏት። ያ ሁሉ ምላስ የሕፃን ድምፅ ሆኖ ነበር።

ጠሂራም ፈርታ ነበር። ፍርሃቷን ጥግ ላይ ጣለችና መዳፏን ጀርባቸው ላይ አሳረፈች። ሁለቱ ፈጠን፣ ሦስተኛው ዘግየት። ሊነጋጋ ሲል አሸለቡ። በሁለተኛው ሌሊት ቀደም ብለው ተኙ፤ ጠዋት ሲነቁ በደከመ ድምፅ፣ «አንድ ይቀርሻል» አሉ።

በሦስተኛው ሌሊት ትንፋሻቸው እጅግ ቀጥኖ ጠፋባት። ከአልጋው ሥር እንዳደረገችው ሁሉ ጆሮዋን አስጠጋች። ለረጅም ጊዜ ምንም አልሰማችም፤ ከዚያ ትንፋሹ መጣ። እጇን ሳታነሣ ነጋ።

ፀሐይ በበሩ ስንጥቅ ስትገባ እትዬ እታገኝ ዓይናቸውን ገለጡ። ግንባራቸውን ላብ ወርሶት ትኩሳቱ ለቋቸው ነበር።

«በዚህ ቤት አጥሚት የሚባል ነገር የለም እንዴ?» አሉ።

ጠሂራ አጥሚቱን አቀረበች። ሦስቱ ሌሊት ሞልቶ፣ ለእትዬ እታገኝ የነበረባት ዕዳ ሙሉ በሙሉ ተከፈለ።