ሳይቀምስ የቀዳልን ሰው

ነገሩ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈው። ሰው ሁሉ "ይቅር በይው፣ ለነፍስሽ ይበጃል" ይለኛል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እኔ ይቅር አላልኩትም።

የፍኖተ ሰላም ልጅ ነኝ። ቡሬ ባለ አንድ የከብት መኖ ፋብሪካ ውስጥ ማሽኖቹን የሚያዘውን ፕሮግራም እጽፍ ነበር። መኖ የሚያደባልቀው ትልቁ ማሽን ሆዱ ውስጥ ስለት አለው። ክዳኑ ሲከፈት ስለቱ ወዲያው እንዲቆም ያደረግሁት እኔ ነኝ። ከፕሮግራሙ አንዲት መስመር ስትቀየር እንኳ መዝገብ ላይ ትጻፋለች፣ ሌላ ሰው ያያታል፣ በባዶ ማሽን ትሞከራለች፤ ከዚያ ይፈረምባታል።

የቴክኒክ ኃላፊያችንን ይህ ያበሽቀው ነበር። ያኔ "ጋሽ ደርበው" እያልኩ አንቱ እለው ነበር፤ አሁን ደርበው ይበቃዋል።

"አንቺ ልጅ፣ ፋብሪካውን ቅኔ ቤት አደረግሽው እኮ!" እያለ ሠራተኛ ፊት ይሳለቅብኛል።

"ቅኔ ቤትም ሳይታረም የሚያልፍ የለም" ስለው ይስቃል።

አንድ ሰሞን አቧራ የክዳኑን መቆጣጠሪያ እያሳሳተ ማሽኑ በየደቂቃው ይቆም ጀመር። መፍትሔው ማጽዳት ነበር። እኔ ዘመድ ልጠይቅ ፍኖተ ሰላም በሄድኩበት ደርበው ፕሮግራሙን ቀየረው። ክዳኑ ቢከፈትም ስለቱ አሥር ሰከንድ ቆይቶ እንዲቆም አደረገ። አልጻፈም፣ ለማንም አላሳየም፣ አልሞከረም።

በማግስቱ ማሽኑን የምታጸዳው ጓደኛዬ ውዴ እንደ ልማዷ ክዳኑን ከፍታ እጇን ሰደደች። በዚያ ጫጫታ መሃል ስለቱ አለመቆሙን አልለየችም። ሁለት ጣቶቿ እዚያው ቀሩ።

ደርበው "ፕሮግራሙን የጻፈችው እሷ ናት" አለ። ሆስፒታል ስሄድ ውዴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "አንቺን አምኜ ነበር" አለችኝ። ያን ዕለት ደርበውን ላልለቀው ማልኩ።

አንድ ያላወቀው ነገር ነበር። ኮምፒውተሩ ማን፣ መቼ፣ የትኛዋን መስመር እንደቀየረ ይመዘግባል። ያንን መዝገብ በወረቀት አትሜ ያዝኩ።

ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ማሽኑ ዘንድ ሰበሰበ። ደርበው ጉሮሮውን ጠርጎ "እኔ የነካሁት ነገር ቢኖር እንኳ አደጋ የለውም" አለ።

ማሽኑን አስነሣሁት። "ጋሽ ደርበው፣ በአገራችን ጠላ የሚቀዳ ሰው አስቀድሞ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። ማሽኑ እርስዎ እንዳደረጉት ነው ያለ። ክዳኑን ይክፈቱና እጅዎን ያስገቡ።"

እንደማይደፍር አውቅ ነበር። እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

"ሳይቀምስ ነዋ የቀዳልን!" አሉ ሽማግሌው ጥበቃ።

ወረቀቱን ለሥራ አስኪያጁ ሰጠሁት። ደርበው በዚያው ሳምንት ተባረረ። ውዴም እውነቱን ሰምታ አቅፋኝ አለቀሰች።

እኔ ግን አልበቃኝም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ቦታ ሊቀጠር ሞከረ። ሁለቱም ዘንድ የዚያ ወረቀት ቅጂ ቀድሞት ደረሰ። ያደረስኩት እኔ ነኝ፤ አላፍርበትም።

በቀደም ውዴ ቤት ነበርኩ። ጠላ ስትቀዳልኝ፣ ሁለት ጣት በጎደለው እጇ ጠብ አድርጋ ልትቀምስ ስትል ጠላው በክፍተቱ ፈሰሰባት።

"እህትዓለም፣ ተይው እንግዲህ" አለችኝ። "መቼ ነው የሚበቃሽ?"

"ጣቶችሽ ሲበቅሉ" አልኳት።