ካቴና የሚጋራው ያጣ ወጣት

የያዙኝ ፒያሳ፣ ማኪያቶዬን ሳልጨርስ ነው። ፌስቡክ ላይ በአንድ ባለሥልጣን ቀልጄ ነበር። መርማሪው ቀልዱን ደጋግሞ አስነገረኝ፤ አንዴም አልሳቀም። ከዚህ የባሰ ምን ቅጣት አለ?

ክፍሏ የአንድ ሰው ብርድ ልብስ ብታክል ነው፤ ውስጧ ግን ግማሽ አዲስ አበባ ታጉሯል። ላብና የትናንት ሽሮ ይሸታል። መቀመጥ አልሆነልኝም፤ ሥራዬ በሰው እግር መሃል እየተሽሎከለኩ ግድግዳ ለግድግዳ መንቆራጠጥ ሆነ። ጭንቀቴን ለማባረር ስቀልድ ቁንጫው ሳይቀር ይስቃል። ከሁሉም ቀድሞ የሚስቀው ግን በሩ ሥር ብቻውን የሚቀመጥ አንድ ወጣት ነው። የታሰረው ወንድ ይወዳል ተብሎ ነው። ማንም አብሮት አይበላም። እኔም ሳቁን ወድጄ እሱን እሸሸው ነበር።

አንድ ጠዋት ቀጠሮ ያለን ተጠራን። ወደ ፍርድ ቤት የምንወጣው ሁለት ሁለት ሆነን፣ በአንድ ካቴና ታስረን ነው። ፖሊሱ ወጣቱን ይዞ፣ «ከዚህ ጋር ማነው?» አለ። ሁሉም እጁን ብብቱ ሥር ሸጎጠ።

«እንግዲህ ትቀራለህ። ቀጠሮህ ያልፋል።»

«እናቴ ከደሴ መጥታ እዚያ እየጠበቀችኝ ነው» አለ ወጣቱ ቀስ ብሎ። «ካላየችኝ የሞትኩ ነው የሚመስላት።»

ሳላስበው ግራ እጄን ዘረጋሁ። ካቦው፣ የክፍላችን አለቃ፣ ትከሻዬን ያዘ።

«አንተ ሰውዬ፣ ኋላ በዚህ እጅህ ከኛ ጋር ልትበላ?»

«በቀኙ እበላለኋ።»

ማንም አልሳቀም። ወጣቱም።

ፒክአፕ ላይ ተጭነን ቸርችል ጎዳናን ስንወርድ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ጋሼ፣ ስለ እርስዎም ያወራሉ እኮ።»

«ይሄን ሁሉ ዓመት የሚያወራልኝ አጥቼ አይደል የኖርኩት።»

«አይፈሩም?»

«ካቴናውን የሚያንቀጠቅጠው ያንተ እጅ መሰለህ?»

ፍርድ ቤቱ ግቢ ውስጥ ሻሽ ያሰሩ እናት ከሩቅ አይተውት ቆሙ። እጁን አነሳላቸው፤ ካቴናው የኔንም ይዞ ተነሳ። መልሼ ላወርደው እችል ነበር። ከሱ እጅ በላይ ከፍ አደረግሁት። እናትየው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ለሁለታችንም እጅ ነሱ።

ካቦው ያን ቢልም፣ ማታ ማዕዱ ላይ ቦታዬ ተይዞ ጠበቀኝ። በሩ ሥር ሄጄ ከሱ ጋር በላሁ።

ከተፈታሁ ቆየሁ፤ ዛሬም ካፌ ስንቀመጥ ጓደኞቼ እንደዚያ ወጣት ባሉ ሰዎች ላይ ሲሳለቁ፣ «አንዱን አውቀዋለሁ። አብረን ታስረናል» እላለሁ። ጠረጴዛው ጸጥ ይላል። ከጸጥታ በላይ የሚያስጨንቀኝ ነገር የለም፤ ቀልድ አፌ ጫፍ ላይ ይመጣል። እውጠዋለሁ። ጸጥታው ትንሽ ይቆይባቸው።