እጄ በጀሶ የታሰረበት ክረምት

ጎረቤቴ አዲስ ቤት እየሠራ ነው። ግንበኞቹ ጀሶውን በውሃ በበጠበጡ ቁጥር ያ እርጥብ፣ ቀዝቃዛ ሽታ አጥሩን ተሻግሮ ይመጣና የያዝኩትን ሥራ ያስጥለኛል። ሌላው ሰው ጀሶ ሲሸተው ቤት ይታየው ይሆናል፤ ለኔ ግን የሚታየኝ የልጅነት ቀኝ እጄ ነው፤ ከክርኔ እስከ ጣቶቼ ጫፍ በነጭ ተጠቅልሎ፣ ጭኔ ላይ እንደ ሰው ዕቃ ተቀምጦ፣ ከፊት ለፊቴ ደግሞ ታናሽ እህቴ ሳራ የኔን እንዝርት ስታሾር።

ቤታችን ሶዶ ከተማ ዳር፣ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ በእንሰት ተከቦ የቆመ ነበር። አባቴ ሸማኔ ስለነበር ከቤቱ ጎን በሠራው ዳስ ሥር ጉድጓድ ቆፍሮ፣ እግሮቹን ወደ ውስጥ ሰድዶ፣ መወርወሪያውን ወዲህና ወዲያ ሲወረውር ይውል ነበር። እናቴ ጓሮውንም እንሰቱንም እኛንም ይዛ ለመፍተል ጊዜ ስለማይተርፋት የቤቱ ፈታይ እኔ ነበርኩ። ከትምህርት ቤት ተመልሼ፣ የተቀቀለ ቦይናዬን፣ ጎደሬውን፣ በልቼ፣ ከአባቴ አጠገብ በርጩማዬ ላይ እቀመጥና በግራ እጄ አመልማሎውን ይዤ፣ በቀኝ መዳፌ እንዝርቱን ጭኔ ላይ አሽከርክሬ ስለቀው፣ ክሩ ቀጥኖና ተስተካክሎ ይወጣልኝ ነበር። አባቴ ብዙ አይናገርም። ልቃቂቱን ተቀብሎ፣ ክሩን በጣቶቹ መሃል ሳብ አድርጎ አይቶ፣ «እጅሽ ይባረክ» ይለኝና ወደ ሥራው ይመለሳል። ሳራ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ግቢው ውስጥ ዶሮ ስታባርር ምርቃቱ ጆሮዋ መግባቱን ዘወር ብዬ አረጋግጥ ነበር።

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ መሬቱ ዝናብ ጠጥቶ በላላበት ሰሞን፣ እናቴ እንሰት ልትቆርጥ ወደ ጓሮ ወረደችና ገጀራውን እንዳመጣላት ጠራችኝ። በግራ እጄ ይዤው ቁልቁለቱን ስሮጥ ጭቃው አንሸራተተኝ፤ ቀኝ እጄን ለመደገፍ መሬት ላይ ዘረጋሁ፣ ስለቱ ከላይ አረፈበት። መጀመሪያ አላመመኝም። የእጄ ጀርባ ተከፍቶ አየሁት፤ ጣቶቼን ቀና ላደርግ ስሞክር እምቢ ብለው ወደ ታች ተንጠልጥለው ቀሩ። ከኋላዬ ትመጣ የነበረችው ሳራ «እማዬ! የማርታ እጅ ሞተ!» ብላ ጮኸች።

እናቴ በነጠላዋ ጠቅልላ አሰረችው፤ አባቴ ከጉድጓዱ ዘሎ ወጥቶ አዘለኝና ከሚሲዮኖቹ ሐኪም ቤት እስክንደርስ አላወረደኝም። ፈረንጁ ሐኪም ቁስሉን አገላብጦ አይቶ በቋንቋው ሲናገር፣ የአገራችን ሰው የሆነው ቁስል አጣቢው ድሬሰር ጴጥሮስ ለአባቴ በወላይትኛ አስረዳው። ጣት ቀና የሚያደርጉት ጅማቶች ተበጥሰዋል፣ ካልተሰፉ ጣቶቿ እንደተንጠለጠሉ ይቀራሉ አለው።

አባቴ «ጫፍና ጫፉ ይገኛል?» ብሎ ጠየቀ።

«ወደ ውስጥ ሸሽቶም ቢሆን ዶክተሩ ፈልጎ ያገኘዋል» አለው ጴጥሮስ።

«እንግዲያው ይቀጥለው» አለ አባቴ፤ ድር በተበጠሰበት ቁጥር የሚያደርገው ይህንኑ ስለነበር ነገሩ የገባው ይመስለኛል። አፍንጫዬ ላይ ጨርቅ አድርገው የሚያቅለሸልሽ ጣፋጭ ሽታ ያለው ነገር አንጠባጠቡበት፤ ስነቃ ጣቶቼ ወደ ላይ ቀና እንዳሉ በጀሶ ታስረው አገኘኋቸው። ጅማቱ እስኪያያዝ ድረስ እንዳላንቀሳቅስ፣ እንዳላረጥብ፣ እንዳልሠራ ታዘዘ።

ዝናቡ በሩን ዘግቶብን በከረመበት በዚያ ክረምት ከቁስሉ ይልቅ ያንገበገበኝ ሌላ ነበር። አባቴ ለጊፋታ፣ ለአዲሱ ዓመታችን፣ ለእናቴ ነጠላ ሊሠራላት ቃል ገብቶ ነበርና የጀመርኩት ፈትል ግማሽ ላይ ቀርቷል። አንድ ከሰዓት እናቴ «እስቲ ሳራ ትሞክር» አለችና፣ አባቴ ለኔ ብሎ የጠረበውን እንዝርት ከግድግዳው አውርዳ ሰጠቻት። ሳራ በርጩማዬ ላይ ተቀመጠች። በመጀመሪያው ሳምንት ክሩ እየተበጠሰባት ስታለቅስ ደስታዬን ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ደብቄ ነበር። ደስታዬ ግን ዕድሜ አልነበረውም፤ ልጅቷ እጅ ነበራት። ሐምሌ ሳያልቅ ክሯ መቅጠን ጀመረ፣ ከዚያ አልፎ ከኔ ክር ጋር ተቀላቅሎ የማይለይ ሆነ፤ አባቴም ሳብ አድርጎ አየውና «እጅሽ ይባረክ» አላት። እኔ እዚያው ነበርኩ። አባቴ ቀና ብሎ አላየኝም፤ ቢያየኝ ኖሮ ምን ያይ እንደነበር እንጃ፣ ጀሶው ውስጥ ያለው እጄ ግን እንደ እሳት ይበላኝ ጀመር።

ከዚያ ወዲህ ሳራ የምታደርገው ሁሉ ያናድደኝ ነበር። ክር ስትቀጥል ጫፉን በምራቋ ማርጠቧ፣ ስትፈትል መዝሙር ማንጎራጎሯ፣ ጎረቤት ሲመጣ ልቃቂቷን እንዲታይላት ከፊት ማስቀመጧ። ይህን ሁሉ ከኔ ነው የተማረችው። የጸሎት ቤታችን ሴቶች ሊጠይቁኝ ሲመጡ «አይዞሽ፣ ጌታ ይምርሽ» ይሉኝና ወዲያው ዞረው «ይህቺ ትንሿ ናት የፈተለችው?» እያሉ ይደነቁላት ነበር።

ነሐሴ ሲገባደድ ጀሶው ተፈታ። ከውስጡ የወጣው የኔ እጅ አይመስልም ነበር፤ ቀጥኗል፣ ቆዳው ይላጣል፣ ጣቶቹ እንደ ደረቀ እንጨት ግትር ብለዋል። ድሬሰር ጴጥሮስ ሞቅ ባለ ውሃ ካራሰው በኋላ መዳፌን ጠረጴዛ ላይ አስዘርግቶ ጣቶቼን አንድ በአንድ እንዳነሳ፣ ከዚያ ቀስ እያልኩ ጨብጬ እንድከፍት ያዝዘኝ ነበር። ሕመሙ እስከ ብብቴ ይዘልቅ ስለነበር አልቅሼ እጄን እሰበስባለሁ።

«ማርታ፣ ሐኪሙ ሰፍቶልሻል፤ የቀረው ያንቺ ሥራ ነው» ይለኝ ነበር። «ካላንቀሳቀስሻቸው እዚያው ይደርቃሉ።»

ቤት ስመለስ እናቴ የተቀቀለ እንቁላልና ቅቤ የገባበት ወተት ታቀርብልኛለች፤ ለቁስል ጠጋኝ ነው ተብሎ ለኔ ብቻ ነበር። አንድ ቀን እናቴ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ፣ አባቴም ገበያ ሄዶ ሳለ፣ ሳራ እንዝርቱን ወርውራ ድንገት ማልቀስ ጀመረች።

«አንቺ እንቁላል ትበያለሽ፣ ጎረቤት ሁሉ አንቺን ይጠይቃል፣ አባዬ አንቺን ብቻ አዘለ! እኔ ቀኑን ሙሉ እፈትላለሁ። የኔም እጅ በተቆረጠ!»

ደነገጥኩ። በኔ የሚቀና ሰው ይኖራል ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅም። እንቁላሉን አየሁት፣ እንዝርቱን አየሁት።

«እንቁላሉን ውሰጂ» አልኳት። «እንዝርቱን ስጪኝ።»

እንደዚያ ተስማማን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰው በሌለበት ሰዓት ሁሉ እሷ ከበሩ ኋላ እንቁላሌን ስትበላ፣ እኔ ጥርሴን ነክሼ ያንን ግትር መዳፍ ጭኔ ላይ እየዘረጋሁ እንዝርቱን አሾር ነበር። መጀመሪያ እንዝርቱ ከእጄ እየዘለለ ይወድቅ ነበር። ድሬሰሩ ፊት ለማንሳት እምቢ ያልኳቸውን ጣቶች የሳራን ልቃቂት እያየሁ አነሳኋቸው። የሚወጣው ክር ግን እዚህ ጋ ያበጠ፣ እዚያ ጋ የሳሳ፣ የሚያሳፍር ክር ነበር፤ ሳራም በልቃቂቷ ላይ እየጠቀለለች ትደብቀው ነበር።

ጊፋታ ሲቃረብ፣ አባቴ ነጠላውን ለመጨረስ ማጉን ሲያዘጋጅ ክሩ በጣቶቹ መሃል እያለፈ ድንገት ቆመ። መልሶ ሳበው። የተቋጠረውን ቦታ በአውራ ጣቱ ዳበሰና ሁለታችንን ጠራን፤ እናቴም የቆጮ ሊጥ በእጇ እንደያዘች መጣች።

«ይቺ ክር የማን ናት?»

ሳራ ቀድማ «የኔ ናት!» አለች። ልታድነኝ ይሁን ወይስ የእንቁላሉ ነገር እንዳይወጣባት ፈርታ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ያኔ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በርጩማዬን ወስዳ፣ እንዝርቴን ወስዳ፣ ምርቃቴን ወስዳ፣ አሁን ደግሞ ያንን በስንት ሥቃይ ያወጣሁትን አስቀያሚ ክሬን ልትወስድ ነው።

«የኔ ናት!» ብዬ ጮኽኩ። «እሷ አይደለችም! እኔ ነኝ የፈተልኳት፣ በቀኝ እጄ!»

አባቴ ቀኝ እጄን ወስዶ ገልብጦ ጠባሳውን አየና እንዝርቱን ከሳራ ተቀብሎ ሰጠኝ። «እስቲ ፍተይ፣ ልይ» አለኝ። ተቀምጬ መዳፌን ዘረጋሁ፣ እንዝርቱን አሽከርክሬ ለቀቅሁት። ክሩ ተበጠሰ፤ ቀጠልኩት፤ እንደገና ተበጠሰ፤ በኋላ ግን የክንድ ያህል ወጣ። እናቴ ሊጥ በነካው እጇ አፏን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። አባቴ ያቺን የተጎረባበጠች ክር አልጣላትም፤ ከነጉብታዋ ነጠላው ላይ ሸመናት። በጊፋታ ዕለት እናቴ ለብሳው ወጣች፤ ያመሰገኑት ሁሉ ግን ያመሰገኑት የሳራን ክር ነበር፣ እኔም አንዱንም ምስጋና ሳልሰማ አላለፍኩም።

በጋው ሲገባ ጣቶቼ ከሞላ ጎደል ተመለሱ። ድሬሰር ጴጥሮስ የፈትሉን ነገር ሲሰማ ሳቀና በዚያው ቀጥዪ አለኝ። የዱሮው ክር ግን አልተመለሰም፤ መሃል ጣቴ ዛሬም ሙሉ በሙሉ ቀና አይልም። «ለእንሰት መፋቅም ለፈትልም አትሆንም፣ ይህቺስ ትማር» ተባለና በትምህርቴ ገፋሁ። ሳራ እጇ ለቤቱ ያስፈልግ ስለነበር ከሁለተኛ ክፍል ቀረች። እኔም በየጠዋቱ ደብተሬን ይዤ ስወጣ፣ በአባቴ አጠገብ በርጩማው ላይ መቅረቷን እያየሁ፣ መንገዱን ሁሉ እየቀናሁባት እሄድ ነበር።

እኔ ጉኑኖ የምትባል ከተማ ሄጄ አስተማርኩ፣ ተመልሼም ሶዶ አስተምሬ ጡረታ ወጣሁ፤ እሷ ሻንቶ ከተማ አግብታ፣ ፈትላና አስፈትላ ልጆቿን አሳደገች። ከጥቂት ዓመት በፊት ሻይ እየጠጣን፣ ነገር ለመጀመር ሳይሆን እንዲሁ ትዝ ብሏት፣ «አንቺን እኮ ያስተማረችሽ ያቺ ገጀራ ናት» አለችኝ። ሳቅን። ሻይዋን ሞላሁላት።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣና እኔ ዘንድ ታድራለች። ፊደሉን ትለያለች እንጂ ፈጥና ስለማታነብ መጽሐፍ ቅዱስ እንዳነብላት ትጠይቀኛለች። ልጅ ሳለን ዓይኔ ከእጇ አይነቀልም ነበር፤ አሁን ጣቴን ከመስመሩ ሥር እየጎተትኩ ሳነብ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ ትከሻዬን ተደግፋ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ከኋላዬ የምትከተለው እሷ ናት።

«ቀስ በይ» ትለኛለች። «እኔም ልይዘው።»

ቀስ እላለሁ።