በእንግሊዝኛ ሴት፣ በአማርኛ ወንድ

ይህ የሆነው ባለፈው የበረዶ ወራት ነው። እስከ ዛሬ «አንተ» የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ ፊቴ ይግላል።

ቶሮንቶ ውስጥ በአስተርጓሚነት እሠራለሁ። ያን ቀን የተጠራሁት ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ እስር ቤት ነበር። ኤግሊንተን ዌስት ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ ብርዱ ስላንገበገበኝ ስደርስ ተነጫንጬ ነበር። ሰበብ ግን አይሆነኝም።

የማስተረጉምላት ልጅ ፍርዷን የምትጠባበቅ የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ወንድ ተብላ ተወልዳ ሴት ሆና ነው የምትኖረው። መታወቂያዋ ወንድ ስለሚል ለጊዜው ወንዶች ጋ አስገብተዋታል። የዚያን ቀን ዋናው ጥያቄ የት መታሰር ትፈልጋለች የሚል ነው፤ መልሱን ራሷ መናገር አለባት።

ለምትጠይቃት የእስር ቤቱ ኦፊሰር በእንግሊዝኛ ስናገር «ሺ»፣ ማለትም «እሷ»፣ እላለሁ። ወደ ልጅቷ ስዞር ግን «ስምህ ማነው? መቼ መጣህ?» እያልኩ ቀጠልኩ። የእንግሊዝኛው «ዩ» ወንድና ሴት አይለይም፤ የለየሁት እኔ ነኝ። «እርስዎ» ብላት እንኳ ከጣጣው በዳንኩ ነበር። እውነቱን ለመናገር ንቄያት ነው። እሷ ግን «እርስዎ» እያለች በትሕትና ትመልስልኛለች።

«የት መሆን ትፈልጋለህ?» አልኳት።

«እትዬ፣» አለችኝ፣ «እንግሊዝኛ ብዙ ባልችልም ‹ሺ› ሲሉ እሰማለሁ። በእንግሊዝኛ ሴት ነኝ። በአማርኛ ሲሆን ነው ወንድ የምሆነው?»

የሥራችን ደንብ የተባለውን ሁሉ በተናጋሪው አፍ መተርጎም ነው። ስለዚህ «እኔ» እያልኩ የራሴን ጉድ ለኦፊሰሯ ተረጎምኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ኦፊሰሯ ትክ ብላ አየችኝና ሌላ አስተርጓሚ ትፈልግ እንደሆነ ጠየቀቻት። «ትፈልጊያለሽ?» ብዬ ተረጎምኩ። እንደ ሴት ያናገርኳት ገና ያኔ ነው።

«ሌላ ሰው መቼ ይመጣል?»

«ምናልባት በሚቀጥለው ሳምንት» አለች ኦፊሰሯ።

«እስከዚያ ወንዶቹ ጋ ነው የማድረው?»

«አዎ።»

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። «እንግዲያው እርስዎ ይጨርሱት። ሴቶቹ ጋ መሆን ነው የምፈልገው፣ ይበሉልኝ።»

አልኩላት። ኦፊሰሯም ዛሬውኑ እንደምትዛወር ነገረቻት። ልጅቷ ስትወጣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» አለችኝ።

ይቅር ብላኛለች እያልኩ ራሴን ላጽናና ሞክሬ ነበር። ግን ምን ምርጫ ነበራት? እኔን ካልታገሠች እዚያው ማደሯ ነው። ይቅርታ የሚለውን ቃል በሁለቱም ቋንቋ አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ በአንዱም አላልኳትም።