እሜቴ በደጅ የኖሩበት ቤት

ሰቆጣ የገባነው በጭነት መኪና፣ ከእህል ጆንያ ላይ ተቀምጠን ነው። እኔ አስተማሪ፣ ባለቤቴ ጤና ረዳት ነን፤ ከተጋባን ዓመት እንኳ አልሞላንም። አቧራችንን ሳናራግፍ ዓይኔ ከገበያው በላይ ባለው ቤት ላይ አረፈ። ባለ ፎቅ ነው። ተመርጦ በተደረደረ ቀላ ያለ ድንጋይ የተሠራ፣ በውጭ በኩል የድንጋይ ደረጃ የሚወጣበት፣ ከላይ የጥድ ሰገነት ያለው። እኔ ያደግሁት ደሴ፣ ጎረቤት ሲያስል በግድግዳው በሚሰማበት ሰፈር ነው። እንዲህ ያለ ቤት ቆሜ አይቼ አላውቅም ነበር።

"ማን ይኖርበት ይሆን?" አልኩት ባለቤቴን።

"ማንም ይሁን፣ እኛ አይደለንም" አለና ሳቀ።

በሳምንቱ ቀበሌው ፎቁን ለእኛ አከራየን። ምድር ቤቱ የቀበሌው ዕቃ ግምጃ ቤት ሆኗል። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ግድግዳው ከመወፈሩ የተነሣ መስኮቱ ውስጥ እግሬን አጥፌ ተቀምጬ የተማሪዎቼን ደብተር አርም ነበር። ዝናብ ሲጥል ጣውላው የጥድ ሽታ ይሰጣል። የበሩ መቃን ላይ የተቀረጸውን ሐረግ በጣቴ እየተከተልኩ ስንት ጊዜ እንደቆምኩ አላስታውስም።

ከግቢው በር አጠገብ ባለችው የዘበኛ ክፍል አንዲት አሮጊት ይኖሩ ነበር። ጠዋት ጠዋት በትራቸውን ይዘው ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፤ ሲመለሱ ደጃቸው ላይ ይቀመጣሉ፤ ሰላምታዬን በጭንቅላታቸው ይቀበላሉ። የዘበኛ እናት መስለውኝ ነበር። እውነቱን የነገረችኝ ከፊት ለፊታችን ሱቅ የነበራት ሙስሊም ጎረቤታችን ናት።

"ቤቱ የእሳቸው ነው" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "የትርፍ ቤት አዋጁ ሲወጣ ያቺን ክፍል ተዉላቸው።"

"ምን ብዬ ልጥራቸው?"

"ድሮ እሜቴ ነበር የምንላቸው። አሁን የቀበሌ ሰው ካለ እማማ እንላለን።"

ከዚያ ቀን በኋላ ደረጃውን ስወጣ ጀርባዬ ላይ ዓይናቸው ያረፈ ይመስለኝ ጀመር። "ይውጡና አረፍ ይበሉ" ብዬ ደጋግሜ ጋብዣቸዋለሁ። "ጉልበቴ እምቢ ይለኛል፣ ልጄ" ይሉኛል። የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት ግን በየጠዋቱ ይወጡት ነበር።

ያረገዝኩት በሁለተኛው ዓመት ነው። ምጤ የመጣው ከታሰበው ቀደም ብሎ በገበያ ቀን፣ ባለቤቴ ለክትባት ጋዝጊብላ ወርዶ ሳለ ነው። ሰው ሁሉ ገበያ ነበር። ሰገነቱን ተደግፌ ስጮህ የሰማኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። የበትር ኳኳታ ደረጃውን ቀስ እያለ ሲወጣ ሰማሁ። እሜቴ የበሩ ደፍ ላይ ቆሙ።

"ልግባ?" አሉኝ።

"ቤትዎ አይደለም ወይ፣ እሜቴ?" አልኩ፤ አስቤ የተናገርኩት አልነበረም።

ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ከሰገነቱ ብቅ ብለው በመንገድ የሚያልፍ ሰው ጠሩና በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣኛ፣ አዋላጇን እንዲያመጣ ነገሩት። ያን የሚያህል ድምፅ ያላቸው አይመስለኝም ነበር።

አዋላጇ የደሃና አገር ሴት ናት፤ አማርኛዋ ኽምጣኛ ኽምጣኛ ይላል። ልጄ በሰላም ተወለደች። አዋላጇ እጇን ስትታጠብ ግድግዳውን ትክ ብላ አየችው።

"ይኸን ድንጋይ ከወንዝ ያወጣው አባቴ ነው፤ በጀርባው" አለች። "ማታ ማታ ቁስሉን ቅቤ እቀባለት ነበር።"

ለእኔ ትንገር ለእሜቴ አልለየም። ሕፃኗን ታቅፈው የተቀመጡት እሜቴ ናቸው የመለሱላት።

"አውቃለሁ። ያሠሩት አማቴ ናቸው። ሙሽራ ሆኜ ስገባ ደረጃው አላለቀም ነበር። ሲሸከሙ አይቻለሁ።"

"መልካም ቤት ነው" አለች አዋላጇ። "እኔ ግን አልወደውም።"

ከዚያ ሁለቱም ተነሥተው ገንፎዬን አብረው ሠሩ። በቤቱ ውበት ስደሰት የኖርኩት እኔ፣ አልጋ ላይ ሆኜ ስለ ግድግዳው የማውቀው ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ አሰብኩ።

በአራስነቴ እሜቴ በየቀኑ ወደ እኛ ወጡ። እኛ እንጨት ያከማቸንባት ጠባብ ክፍል ልጆቻቸውን የወለዱባት መሆኗን ያን ጊዜ ሰማሁ። ልጆቹ የት እንደደረሱ አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም። ክፍሏን አጸዳንና እዚያ እንዲያድሩ ለመንናቸው። ያለ ቀበሌው ፈቃድ አይሆንም ስላሉ ባለቤቴ ሊቀመንበሩን ሊያነጋግር ሄደ። ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አልነበረም።

"እኔም እንጀራቸውን በልቼ ነው ያደግሁት" አለው። "ግን እሳቸውን ወደ ላይ ከመለስኩ ነገ ወደ ታች የምወርደው እኔ ነኝ።"

ይህን ስንነግራቸው ተቆጡ። "ለምኑልኝ ያለ ማን ነው?" ብለው ወረዱ። ጥቂት ቀን ቀሩ። ሕፃኗ ስታለቅስ ጊዜ መጡ፤ ስለ ክፍሏ ግን ዳግመኛ አልተነሣም።

የመንግሥትና የአማፅያኑ ጦርነት ወደ ሰቆጣ ሲቃረብ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ ባለቤቴም ወደ ደሴ ተዛወረ። በሄድንበት ጠዋት እሜቴ ወጥተው ባዶውን ቤት ዞሩት። መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

"ቀጥሎ የሚገባው ማን ነው?"

"አላውቅም፣ እሜቴ።"

"እንግዲህ እሱንም መልመድ ነው" አሉ። ልጄን ስመው ከእኛ ቀድመው ወረዱ።

ወሬያቸው የደረሰን ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ጎረቤታችን ባለሱቋ ጦርነቱን ሸሽታ ደሴ ዘመድ ቤት ገብታ ነበርና ፈልጋ አገኘችን። እሜቴ በክረምቱ እዚያችው የዘበኛ ክፍል ውስጥ ዐርፈዋል። ከእሳቸው በኋላ በነበረው ውጊያ ቤቱ በቦምብ ተመታ። ፎቁ ወደ ውስጥ ተደረመሰ፤ የቀረው ደረጃው ብቻ ነው፤ እሱም የሚያደርስበት የለም።

"ደግነቱ እሳቸው አላዩትም" አለች።

እሺ አልኳት። ግን ልቤ አልተቀበለውም። ቤቱ ሳይነካ ቆሞ ሳለ፣ አንድ ሌሊት እንኳ ክፍላቸው ውስጥ ሳያድሩ መሞታቸው ይቆጨኝ ነበር፤ አሁንም ይቆጨኛል።

ፎቶግራፍ አልነበረንም። እንግዳችን እንደተቀመጠች ወረቀት አመጣሁና የተወለደችበትን ቤት ለልጄ ልሥልላት ሞከርኩ። ደረጃውን ሣልኩ፤ ሰገነቱን ሣልኩ። በገበያው በኩል ያሉት መስኮቶች ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ሦስት ይሁኑ አራት ጠፋኝ። ባለቤቴ ሦስት ናቸው አለ፤ እኔ አራት መሰሉኝ። ዕድሜዋን ሙሉ ቤቱን ፊት ለፊት ስታይ የኖረችውን ባለሱቋን ጠየቅናት።

"ቆጥሬያቸው አላውቅም" አለች። "ምን ጊዜም እዚያ ነበሩ።"