የታችኛው ክፍል ውሃ

ቂሊንጦ እስር ቤት የክፍላችን በር ሲከፈት ከሰው በፊት የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ እጄን ሊጨብጠኝ ምንም አልቀረውም። እዚያች ክፍል ውስጥ ግማሹ አቃቂ ተጋድሟል ብል ብዙ አልዋሸሁም።

ወንጀሌ በወረዳ ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነው። «ግድቡ የኛ ነው፤ መሠራቱም ልክ ነው። ግን ድርቅ ሲመጣ ለታችኞቹ አገሮች ምን ያህል እንደምንለቅ በጽሑፍ እንስማማ። የከተማው እድፍ በወንዝ የሚወርድብን እኛ አቃቂዎች ታች መሆንን እናውቀዋለን» አልኩ። በሦስተኛው ቀን «የግብፅ ተላላኪ» ተብዬ ተያዝኩ። እኔ ግብፅን የማውቃት በካርታ ነው!

የክፍሉ አለቃ፣ ካቦ የምንለው እስረኛ፣ «ባንዳው መጣ!» ብሎ ሽንት ቤቱ በር ላይ አስተኛኝ።

ቧንቧው መጀመሪያ እኛን፣ ቀጥሎ ከግድግዳው ማዶ ያለውን ታችኛውን ክፍል ያጠጣል። እኛ ከከፈትን እነሱ ጋ ጠብ አይልም። ስለዚህ ልማዱ አሥር ጀሪካን ሞልቶ መዝጋት ነበር። አንድ ጠዋት ግን ከሦስት ቀን ጥማት በኋላ ውሃው እንደ ክር ቀጥኖ መጣ። ካቦው «ያለው ዕቃ ሁሉ ይሞላ!» አለ፤ ጫማችን ብቻ ቀረ።

ግድግዳው ተንኳኳ። «ወንድሞች፣ አንድ ሽማግሌ በተቅማጥ ሊሞቱብን ነው! ትንሽ ልቀቁልን!»

«ቧንቧው እኛ ጋ ነው» አለ ካቦው። «የራሳቸው ጉዳይ!»

ደሜ ፈላ። ስድስተኛው ጀሪካን እንደሞላ ቧንቧውን ዘግቼ መክፈቻውን ጨበጥኩ። «የቀረውን እነሱ ይቅዱ።»

«እዚህም ለግብፅ ትሟገታለህ?» ብሎ ካቦው በጥፊ አጮለኝ። ጥርሴ ካርቱም ደርሶ የተመለሰ መሰለኝ። እጄን ግን አላነሳሁም። ሊደግመኝ ሲል አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ የነበረ እስረኛ ባዶ ጀሪካኑን መሬት አስቀመጠ።

«የኔ ይቅር፣ ካቦ።»

ሌላውም አስቀመጠ። ካቦው እየተሳደበ ሄደ። ከግድግዳው ማዶ ውሃ ጀሪካን ውስጥ ሲወርድ ሰማን።

ሽማግሌውን ከቀናት በኋላ ግቢ ውስጥ አገኘኋቸው፤ በሰው ተደግፈው ቆመዋል። «ባንዳ የሚሉህ አንተ ነህ?» አሉኝ።

«አዎ፣ አባባ።»

«ተባረክ።»

ያለ ክስ ገባሁ፣ ያለ ይቅርታ ወጣሁ። ዛሬም የግድቡ ድርድር ተቋረጠ በተባለ ቁጥር ቴሌቪዥኑን በጥፊ ማለት ያምረኛል። ከላይ «ማንም አያዘንም» ይላሉ፤ ከታች «ጠብታ አትነኩም» ይላሉ። ሁሉም በኮት፣ በክራቫት፣ የታሸገ ውሃ ፊታቸው ደርድረው።